የአባታችን ቤት ለራሳችን ድርጅት ይከራያል ወይ?

የደምበጫዋ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል። ቡና ይዛችሁ ብትቀመጡ ይሻላል።

ተወልጄ ያደግሁት ደምበጫ ነው። አሁን የምኖረው ደብረ ማርቆስ። 26 ዓመት የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥ ነበርሁ፤ ካቻምና ጡረታ ወጣሁ። ደረሰኝ፣ ቫውቸር፣ ካዝና አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ዘመድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ትኖራለች። ባለቤቷ ከ3 ዓመት በፊት ዐረፈ፤ ነፍሱን ይማረው። የገጠር ልጅ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰው ከተማ ክፍል ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ከእናቱ ቤት ስንቅ እየተሸከመ ነው። ጎጃም ያደገ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። አራት አምስት ሆነው አንዲት የጭቃ ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከሰዓት ወደ ገጠር ይሄዳሉ፣ እሑድ አመሻሽ ላይ እንጀራቸውንና በሶአቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ረቡዕ ላይ እንጀራው ይሻግታል። ሐሙስና ዓርብ የበሶ ቀን ነው። የእህቴ ባል እስኪሞት ድረስ በሶ ሲቀርብለት "እኔ ድርሻዬን በልቼ ጨርሻለሁ" ይል ነበር።

እህቴ እዚያ የነበራቸውን ሁለተኛ ቤት ሸጠች። በገንዘቡ በስሙ ትንሽ ፋውንዴሽን አቋቋመች። ቦርዱ እሷ፣ ልጇና አንዲት ጓደኛዋ ናቸው። ሐሳቧ ግልጽ ነው። እንደ እሱ ከገጠር እየተመላለሱ ለሚማሩ ልጆች የክፍል ኪራይ፣ ደብተር፣ ለሴቶቹ ደግሞ ሞዴስ። ሌላ ነገር የለም። ሕንጻ አልሠራም፣ ሪባንም አልቆርጥም ትላለች።

አምና ገንዘቡን በእኔ የግል ሒሳብ ላከችው። የ19 ልጆችን ኪራይ ከፈልሁ። አከራዮቹ ጋ ራሴ እየሄድሁ፣ እያስፈረምሁ። አንድ ቀን የባንኩ ሥራ አስኪያጅ አስጠራኝና "እማማ፣ ይህ ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ የምንድን ነው?" አለኝ። ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁለት። ጨዋ ልጅ ነው። ገልጦ ገልጦ አየና "ሥራው ጥሩ ነው፤ በዚህ መንገድ ግን አይቀጥልም" አለኝ። እዚያም የእህቴ ሒሳብ ሠሪ ተቆጥቷታል አሉ። እናም እዚህ ሕጋዊ ድርጅት አቋቁሙ ተባልን።

ለዚህ ብዬ ሰባት ሰው አሰባሰብሁ። ታላቅ ወንድማችን ጋሼ፣ የንስሐ አባታችን፣ አንድ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር፣ አንዲት ነርስ፣ የሟቹ ሁለት አብሮ አደጎች፣ ሰባተኛዋ እኔ።

በመጀመሪያው ስብሰባ ጋሼ ተነሡ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሲናገሩ እኔ በዚህ ዕድሜዬ አሁንም እጄን አጣምሬ ነው የምሰማ። "ቢሮ ያስፈልጋችኋል አይደል? የአባታችን ቤት መንገድ ዳር አለ። በወር 12,000 ብር ይሁን። ለባዳ ከምትከፍሉ ለቤት ይግባ" አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ቡና ቀረበ። እንግዲህ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

እኔ ግን ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁ። ቤቱ አልተከፋፈለም። ወራሾቹ ጋሼ፣ እኔና አሜሪካ ያለችው እህቴ ነን። እህቴ ከፋውንዴሽኗ ትልካለች፣ ድርጅቱ ኪራይ ይከፍላል፣ ኪራዩ ዞሮ ለሦስታችን ይደርሳል። 26 ዓመት ገንዘብ ስይዝ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ብል ውሸት ነው። አይቻለሁ። ያየሁት ሰዎቹ ሲከሰሱ ነው።

ሌላም አለ። ጋሼ የልጃቸውን ልጅ ሒሳብ ሠራተኛ እናድርገው ይላሉ። እውነት ለመናገር ልጁ አካውንቲንግ ተመርቆ ሥራ አጥቶ ቁጭ ብሏል። የንስሐ አባታችን ደግሞ ልጆቹን ከሚመርጡት አንዱ ናቸው። ግማሹ ደብር የንስሐ ልጃቸው ነው። ርእሰ መምህሩም ቢሆኑ ክርስትና ያላነሡት ልጅ ሰፈሩ ውስጥ የለም።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን ይህ ነው። አምና ከከፈልሁላቸው 19 ልጆች አንዱ የአክስቴ የልጅ ልጅ ነው። እናትም አባትም የሉትም። ከአያቱ ቤት እስከ ትምህርት ቤቱ በእግር ሦስት ሰዓት ነው። ዘመዴ ስለሆነ ይቅርበት? ዘመዴ ባይሆን ኖሮ መጀመሪያ የምጽፈው የእሱን ስም ነበር።

እስኪ እርዱኝ። በምን ዓይነት እንመዝገብ? ቤቱን ምን ላድርገው? ጋሼንስ ምን ብዬ ልመልሳቸው?

ሰንበቴ (ጂጋ)፦

እህቴ፣ ለምን ራስሽን ታደክሚያለሽ? በእድር አድርጉት። እኛ እዚህ በሰንበቴያችን ለሁለት ልጆች እንከፍላለን። ማኅተም የለ፣ ኦዲተር የለ። ገንዘብ ያዡ ቢያጠፋ ሲሞት ቀባሪ አያገኝም። ከዚህ የበለጠ ቁጥጥር ከየት ይመጣል?

ሒሳብ መርማሪው (ባሕር ዳር)፦

ሰንበቴ፣ የቀባሪውን ነገር ለደንበኞቼ እነግራቸዋለሁ። ግን ለእትዬ አይሠራም። እድርና እቁብ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ አይገዙም፤ እሱስ ልክ ነህ። ያ የሆነው አባላቱ ከኪሳቸው አዋጥተው ለራሳቸው ስለሚረዳዱ ነው። ከውጭ ፋውንዴሽን በየዓመቱ ገንዘብ እየተቀበሉ ለሌላ ሰው ልጅ ማከፋፈል ግን ሌላ ሥራ ነው። ባንኩም "ተቀባዩ ማን ነው?" ማለቱ አይቀርም።

እትዬ፣ መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ውስጥ ፋውንዴሽን የሚባል ራሱን የቻለ ዓይነት የለም። ስማችሁ ላይ ፋውንዴሽን ብላችሁ መጻፍ ትችሉ ይሆናል፤ የምትመዘገቡት ግን ከተዘረዘሩት በአንዱ ነው። ለእርስዎ የሚቀርቡት ሦስት ናቸው። አንደኛው በቦርድ የሚመራ ድርጅት ነው። ሁለተኛው ኢንዶውመንት ነው። ይኼ አንድን ንብረት ለዘለቄታው፣ ላይመለስ፣ ለበጎ ሥራ ብቻ መለየት ማለት ነው። ጋሼ የአባታችሁን ቤት ላይመልሱ ልስጥ ካሉ ያስኬዳል። ሐሳቡን ግን ከእኔ ሰማሁ እንዳይሏቸው። ሦስተኛው የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ነው። አምስትና ከዚያ በላይ ሰው ሆኖ ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚፈቀድ ነው። ለአንድ በሽተኛ ማሳከሚያ ጥሩ ነው፤ ለእናንተ አይሆንም።

ስለዚህ በቦርድ የሚመራው ነው የሚሻላችሁ።

ሥራችሁ ጎጃም ውስጥ ብቻ ከሆነ መዝጋቢያችሁ ክልሉ ላይ ያለው አካል ነው። የፌዴራሉ ባለሥልጣን የሚመዘግበው ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን፣ የውጭ ድርጅቶችን፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የተቋቋሙትን ነው። ብዙ ሰው ለክብር ብሎ አዲስ አበባ ይሄዳል። ትርፉ የአውቶቡስ ገንዘብ መጨረስ ነው። ከፌዴራሉ አዋጅ የምጠቅስላችሁ ግን ልማዱ እዚህም ስለሚሠራ ነው፤ የክልሉን ደንብ ደግሞ ከመዝጋቢው ቢሮ ቅጂ ጠይቁ።

አሁን ወደ ቤቱ። የአስተዳደር ወጪ ከዓመቱ ጠቅላላ ገቢ ከ20 ከመቶ መብለጥ የለበትም። በድሮው አዋጅ፣ በ621/2001፣ ሰዉ "70/30" እያለ የሚያማርረው 30 ነበር። እሱ ቀርቷል። አሁን 20 ነው። የቢሮ ኪራይ የአስተዳደር ወጪ ነው። የኦዲተር ክፍያ፣ የስልክ፣ የባንክ፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ደመወዝም እዚያው ይገባል።

እህትዎ በዓመት 1,000,000 ብር ላከች እንበል። ጣሪያችሁ 200,000 ነው። የጋሼ ኪራይ 12,000 በ12 ወር 144,000 ይበላል። የቀረው 56,000 ነው። ከዚህ ላይ ኦዲተርም፣ የጋሼ የልጅ ልጅም ሊከፈላቸው ነው። ለልጁ ከደመወዙ ላይ የሥራ ግብር አለ። ጡረታ ደግሞ ከእሱ 7፣ ከድርጅቱ 11 ከመቶ። አይበቃም። ዝምድናውን ትተን ሒሳቡ ራሱ እምቢ ይላል።

ሌላው ቦርዱ ነው። ገንዘቡን የምታመጣው እህት፣ የምትይዘው እህት፣ የሚያከራየው ወንድም፣ የሚመዘግበው የወንድም የልጅ ልጅ። ታዲያ ማን ማንን ይጠይቃል? እትዬ፣ ወይ ሥራ አስኪያጅ ይሁኑ ወይ ቦርድ ይግቡ፤ ሁለቱንም አይያዙ። ቼክ በጣምራ ፊርማ ይሁን፤ ፈራሚዎቹ ዘመድ አይሁኑ። ቃለ ጉባኤ ደግሞ እንደ እድር "ተወያይተን ተስማማን" አይባልበትም። ማን ምን አለ፣ ማን ጉዳዩ ስለነካው ወጣ፣ ይጻፍ።

ሪፖርቱን በጀት ዓመቱ በተዘጋ በሦስት ወር ውስጥ ማስገባት ነው። ሐምሌ ጀምራችሁ ሰኔ 30 ከዘጋችሁ መስከረም ማለቂያ ላይ ይደርሳል። ተማሪ የምትመዘግቡበትም ወር እሱ ነው። ካሁኑ አስቡበት።

የደምበጫዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ያን 56,000 ሳየው ሳቄ መጣ። እኔ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ሳልደምረው መቅረቴ! ጋሼ ሲናገሩ መደመር ረሳሁ።

ሥራ አስኪያጅነቱን እይዛለሁ፣ ከቦርዱ እወጣለሁ። ለደመወዝ አይደለም፣ ጡረታዬ ይበቃኛል። እግሬ እስኪችል አከራዮቹ ጋ ልሂድ ብዬ ነው። የአሜሪካውን ሕግ የሚያውቅ አለ? እህቴ ስትደውል "ሰልፍ ዲሊንግ" የሚል ቃል ትደጋግማለች። እኔ ሳልፍ ነው የሚመስለኝ።

የሞጣው ልጅ (ሜሪላንድ)፦

እትዬ፣ እኔ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ታክስ እሠራለሁ። እህትዎን አላውቃትም። ምናልባት ቤተ ክርስቲያን ተያይተን ይሆናል።

ሰልፍ ዲሊንግ ማለት ገንዘቡን የሰጠ ሰው ወይም የቅርብ ቤተሰቡ ከፋውንዴሽኑ ጋር መገበያየት ነው። ማከራየት፣ መሸጥ፣ መበደር ሁሉ ክልክል። "ርካሽ ነው፣ ከገበያ በታች ነው" ማለት አያድንም። ዋጋው ትክክል ሆነም አልሆነም ክልክል ነው። ቅጣቱ የተጠቀመው ሰው ላይ በዓመት 10 ከመቶ ነው። እያወቀ የፈቀደ የፋውንዴሽኑ ኃላፊ ላይ ደግሞ 5 ከመቶ። በዚያ ላይ የሆነውን ነገር መልሶ ማፍረስ አለ።

አሁን የሚገርም ነገር ልንገርዎት። በዚህ አገር ሕግ ከተከለከሉት ዘመዶች ውስጥ ወንድምና እህት የሉም። ባልና ሚስት፣ ወላጅ፣ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ልጅ፣ እስከነባልና ሚስታቸው። ያ ብቻ ነው። እርስዎና ጋሼ ለአሜሪካ መንግሥት ባዳ ናችሁ! እኔ ይህን መጀመሪያ ሳነብ ለእናቴ ደውዬ ነገርኋት፤ "ምን ዓይነት አገር ነው" አለች።

ግን ቤቱ ከዚህ አያመልጥም። እህትዎ ወራሽ ናት፤ ኪራዩ ከደረሳት አለቀ። ድርጅቱ ኢትዮጵያ ነው፣ ሌላ ነው ብላችሁ ትከራከሩ ይሆናል። እሷ እዚያም የምትወስን ከሆነ በተዘዋዋሪ ተደረገ ይባላል። ድርሻዋን በሕግ ለእናንተ ለቃ ከሆነ ሌላ ወሬ ነው። እሱን እዚህ ያለ ጠበቃ ይየው።

ቤቱን በነጻ መስጠት ግን ይፈቀዳል። ያለ ኪራይ፣ ለሥራው ብቻ።

አምና በግል ሒሳብዎ የላከችው ለምን እንዳስቆጣ ልንገርዎት። ፋውንዴሽን ለግለሰብ የትምህርት ድጋፍ በቀጥታ ሲሰጥ የአመራረጡን ሥርዓት አይ አር ኤስ፣ ማለት የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ አስቀድሞ ማጽደቅ አለበት። ካልጸደቀ ፋውንዴሽኑ ላይ ከተሰጠው ገንዘብ 20 ከመቶ ግብር ይመጣል። እህትዎ ከራሷ ደመወዝ ብትልክ ማንም አይጠይቃትም። ገንዘቡ አንዴ ፋውንዴሽን ከገባ ግን የእሷ አይደለም። ብዙ ሐበሻ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በስሟ ያለ ገንዘብ ይመስላታል።

ወደ እናንተ ድርጅት ሲላክ ደግሞ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ጠበቃ ወይም ባለሙያ ሰነዳችሁን መርምሮ "ይህ ድርጅት ከአሜሪካ በጎ አድራጎት ጋር ይስተካከላል" ብሎ የሚጽፈው ነው። ዋጋው ለትንሽ ፋውንዴሽን ይከብዳል። ሁለተኛው እሷ ራሷ ኃላፊነት ወስዳ የምትከታተለው ነው። ከመላኳ በፊት ስለ ድርጅቱ ታጣራለች። ውል ትፈራረማላችሁ። ያልተሠራበት ገንዘብ ይመለሳል፣ ለምርጫ ቅስቀሳ አይውልም፣ የሚል ይገባበታል። ገንዘቡ ለብቻው ተለይቶ ይያዛል። በየዓመቱ ሪፖርት ትልካላችሁ፤ እሷ ደግሞ ለአይ አር ኤስ ታሳውቃለች። ለእናንተ ይህ ይሻላል ባይ ነኝ።

ፋውንዴሽኑ በየዓመቱ ከሀብቱ በግምት 5 ከመቶ የማውጣት ግዴታ አለበት። 400,000 ዶላር ካለው 20,000 ዶላር መሆኑ ነው። እሷ "ዘንድሮ መንገድ ተዘግቷል፣ ትምህርት የለም፣ ለከርሞ እልካለሁ" ብትል እንኳ የተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው ያላት። ስለዚህ ልጆቹ በማይማሩበት ዓመት ምን እንደምታደርጉ ካሁኑ ተነጋገሩ።

ዓመታዊ ፎርሟ 990 ፒ ኤፍ ይባላል። በፈረንጅ ዓመት የምትዘጋ ከሆነ የሚገባው ግንቦት 7 ላይ ነው። ፎርሙ ደግሞ ለማንም ክፍት ነው። የቦርዱ ስም፣ ለማን ስንት እንደተሰጠ፣ ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብሎ በስልክ ማየት ይቻላል። ለጋሼ ይህን ይንገሯቸው። የእናንተ ሒሳብ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አንድ የግማሽ ዓመት ሒሳብ ካልዘጋችሁላት ሚያዝያ ላይ ሌሊት ሌሊት ትደውልልዎታለች።

መምህሩ (ቢቸና)፦

እኔ ስለ ሕጉ አልገባም። ስለ ልጆቹ አመራረጥ ግን አንድ ሁለት ዓመት የተቃጠልሁበት ነገር ስለሆነ ልናገር።

መጀመሪያ ጊዜ የመረጥነው ስም እያነበብን ነበር። ስም ሲነበብ ሁሉም የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል። "ይሄ የእገሌ ልጅ አይደል፣ አባቱ ሁለት ጥማድ በሬ አለው" ይባላል። ወይ ደግሞ ዝም ይባላል፤ ዝምታው ይብሳል። ወር ሳይሞላ ከተማው በሐሜት ተሞላ። እውነትም ከመረጥናቸው ውስጥ መመረጥ ያልነበረበት ነበር።

በዓመቱ ስሙን አነሣነው። አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ማመልከቻዎቹን ተቀብላ ቁጥር ሰጠቻቸው። መራጮቹ የሚያዩት ቁጥሩን፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን የእግር መንገድ፣ ወላጅ ያለው የሌለው መሆኑን፣ አብረው ስንት ሆነው እንደተከራዩና የትምህርት ውጤቱን ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ አስቀድመን ወረቀት ላይ ጽፈናል። ማመልከቻው ከመምጣቱ በፊት። ይህን አጥብቄ የምናገረው ማመልከቻው ከመጣ በኋላ መስፈርት ስታወጪ ልብሽ የሚያውቀውን ልጅ ይዞ ስለሚያወጣ ነው።

ውጤቱን በቁጥር ለጥፈን አምስት ቀን ቅሬታ ተቀበልን። አንድ እናት መጥታ "ሦስት ሰዓት ያለው ውሸት ነው፣ አንድ ሰዓት ነው" ብላ አስረዳች። ሄደን በእግራችን ለካነው። እሷ ልክ ነበረች።

የአክስትሽን የልጅ ልጅ አታስቀሪው። ወላጅ የሌለው ልጅ በአንቺ ዝምድና ምክንያት ሁለት ጊዜ ይቀጣ? አንቺ ነጥብ አትስጪ፣ ክፍሉ ውስጥም አትቀመጪ። ዘመድሽ መሆኑን ለቦርዱ በጽሑፍ አሳውቂ። በነጥቡ ከገባ ገባ። የንስሐ አባታችሁን ግን ከመራጭነት አውጧቸው። አባታችን የሰሙትን መናገር አይችሉም፣ የማያውቁትም የለም። መስቀላቸውን ይዘው መጨረሻ ላይ ይባርኩ።

የደምበጫዋ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጋሼ ጋ ደምበጫ ሄጄ ነበር፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

አረቄ ቀርቦ ነበር፤ የቤት ነው። እኔ አልቀመስሁም፤ ድፍረት የሰጠኝ ነው እንዳይሉ። መጀመሪያ ስለ አዋጁ ጀመርሁ። አልሰሙኝም። "ሕጉ ሕግ ነው፣ ቤቱ ቤት ነው" አሉ። ስለ አሜሪካ ቅጣት ነገርኋቸው። "እኛ አሜሪካ ነን እንዴ?" አሉ።

ከዚያ ደብተሬን አወጣሁ። አምና ለአንድ ልጅ ድርሻ የከፈልሁት በወር 400 ብር ነው። ለ10 ወር 4,000። "ጋሼ፣ እርስዎ የጠየቁት ኪራይ በዓመት 144,000 ነው። ይህ የ36 ልጆች ኪራይ ነው" አልኋቸው። ዝም አሉ። ብዙ ዝም አሉ። ቀጥሎ የተናገሩት የሟቹን ስም ነው። ልጅ ሆኖ እሑድ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያርፈው በእኛ ደጅ እንደነበር፣ እናታችን ውኃ ትሰጠው እንደነበር አስታወሱ። እህታችንን ያያት እዚያ ነው እንጂ የት ሊያያት። እኔ ይህን ረስቼው ነበር። ማለቴ አውቀዋለሁ፤ ግን ከዚህ ጉዳይ ጋር አላገናኘሁትም።

"ስንት ክፍል ነው የምትፈልጉ?" አሉ።

"አንድ" አልሁ።

"በነጻ ግን ለሁልጊዜ አይደለም። ለአምስት ዓመት ጻፊው" አሉ። ጻፍሁት። በምስክር ፈረሙ፤ እኔም ፈረምሁ። ለእህቴ ፎቶ አንሥቼ ልኬላታለሁ፣ እሷም ትፈርማለች። ለሠርግ እንኳ እንዲህ አልተጻጻፍንም።

የልጅ ልጃቸውን ነገር አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁ። ማስታወቂያ ሲወጣ እንደማንኛውም ሰው ያመልክት። ፈታኙ እኔ አይደለሁም። አኩርፏል ብለውኛል፤ ይሁን።

ስወጣ እስከ በር ሸኙኝና "መብራቱንስ ማን ይከፍላል?" አሉኝ። እንዲያው ይህም ሰልፍ ዲሊንግ ይሆን?

የሞጣው ልጅ (ሜሪላንድ)፦

እትዬ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ ጋሼ። ድርጅቱ የራሱን መብራት መክፈል ይችላል፤ ቤቱ በነጻ መሆኑን አያፈርሰውም። ግን ገንዘቡ በባለቤቶቹ እጅ እንዳያልፍ። በቀጥታ ለመብራት ኃይል ክፈሉ፣ ደረሰኙን ያዙ።

የደምበጫዋ፦

እሺ፣ ልክ ነው። ቆጣሪው ግን ለቤቱ በሙሉ አንድ ነው፣ ያውም በአባታችን ስም። ከሞተ ስንት ዓመቱ።